«አያስከስስም»፦ በክልል ዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀር ውሳኔ

(ለሕግ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎችና መምህራን ከተሰጠ የሕዝብ ንግግር የተወሰደ)



የንግግሬን ርእስ የወሰድኩት ከአንዲት ቃል ነው። በትምህርት ክፍል ብዙም አናነሣትም፤ በዞንና በወረዳ የፍትሕ መሥሪያ ቤቶች ግን በየዕለቱ ትጻፋለች። ዐቃቤ ሕግ የፖሊስን የምርመራ መዝገብ መርምሮ በመጨረሻው ገጽ ላይ የሚያሰፍራት «አያስከስስም» የምትል ቃል ናት። ስለ ክስ አመሠራረት፣ ስለ ምስክር አሰማምና ስለ ቅጣት አስተያየት ብዙ ተምራችኋል። ዛሬ የምናገረው ሳይመሠረት ስለሚቀረው ክስ ነው።

ወደ መምህርነት ከመምጣቴ በፊት በአማራ ክልል በአንድ የዞን ፍትሕ መምሪያ ለሰባት ዓመታት በወንጀል ዐቃቤ ሕግነት ሠርቻለሁ። ሥራውን የጀመርኩት በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሲሆን፣ የለቀቅሁት ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ተራ የሰው ግድያ 523 መባሉ ቀርቶ በአንድ ሌሊት 540 ሆኖ አደረ፤ ቁጥሩን በቃላችን ይዘን ለኖርን ሰዎች እንደ አዲስ ተማሪ መሆን ነበር። ያልተለወጠው ግን ሥነ ሥርዓቱ ነው። ያን ጊዜም እጃችን ላይ የነበረው በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፤ እናንተም በዚሁ ሕግ ተፈትናችኋል።

ዐቃቤ ሕግ ሲባል ሰው በዐይነ ሕሊናው የሚስለው ችሎት ውስጥ ቆሞ የሚከራከር ሰው ነው። በዞን ደረጃ ግን ችሎት የቀኑ ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኛው ሰዓት በንባብ ያልፋል። ከወረዳ ፖሊስ የሚመጣው መዝገብ ውስጥ በእጅ ጽሑፍ የተሞላ የምስክሮች ቃል፣ ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል የተሰጠ አንድ ገጽ የሕክምና ማስረጃ፣ የተጠርጣሪው ቃል፣ አልፎ አልፎም የቦታው ንድፍ ይገኛል። የሞት መዝገብ ከሆነና የአስከሬን ምርመራ ካስፈለገ፣ ለረጅም ዓመታት አስከሬኑ የሚጓዘው አዲስ አበባ ወደሚገኘው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ሰው፣ ስንቱ አስከሬን ሳይመረመር እንደተቀበረ ለመገመት አይቸገርም። እንግዲህ የክልል ዐቃቤ ሕግ በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ የሚወስነው በእነዚህ ጥቂት ወረቀቶች ነው።

ስለ አወቃቀሩ በአጭሩ ልበል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሎች የሚደነግጉት በፌዴራሉ ሕግ ባልተሸፈነው ጉዳይ ብቻ ነው። ሕጉ የፌዴራል ይሁን እንጂ፣ በገጠሩ የሚፈጸመውን ግድያ፣ ድብደባ፣ የከብት ስርቆትና በመሬት ወሰን የሚነሣ ጠብ ተሸክሞ ችሎት የሚያደርሰው የክልሉ ዐቃቤ ሕግ ነው። በኦሮሚያ ያሉ ባልደረቦቻችን ደግሞ ገዢው ቅጂ በአማርኛ የተጻፈውን ሕግ እየጠቀሱ ክሱን በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጃሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ጉዳይ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣችሁ አስቡበት። ሌላው ልብ ልትሉት የሚገባው ነጥብ፣ የዳኛ ነፃነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 በግልጽ ሲጻፍ ለዐቃቤ ሕግ አቻ አንቀጽ አለመኖሩ ነው። ዐቃቤ ሕግ የአስፈጻሚው አካል ሠራተኛ ነው። አለቃው የሚመራው ቢሮ የክልሉ ካቢኔ አካል ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። «አያስከስስም» ብሎ የሚፈርም ሰው ምን ላይ ቆሞ እንደሚፈርም እንድታውቁ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 የተጠናቀቀ መዝገብ ለደረሰው ዐቃቤ ሕግ አራት መንገዶች ይሰጠዋል፤ ክስ ማቅረብ፣ ቀዳሚ ምርመራ እንዲደረግ ማዘዝ፣ ለተጨማሪ ምርመራ መመለስ፣ ወይም ክስ አላቀርብም ማለት። በመጨረሻው መንገድ የሚሄድ ሰው ምክንያቱን ከአንቀጽ 42 መምረጥ አለበት። ለማስፈረድ የሚበቃ ማስረጃ የለም፤ ተጠርጣሪው ሊገኝ አይችልም፣ በሌለበትም ሊታይ የሚችል ጉዳይ አይደለም፤ ጉዳዩ በይርጋ ታግዷል ወይም በምሕረት ቀርቷል፤ ወይም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል እንዳይከሰስ ሚኒስትሩ በፊርማው አዟል። ከእነዚህ ውጭ በሌላ ምክንያት ክስ አላቀርብም ማለት አይቻልም፤ ሕጉ ይህንኑ በግልጽ ይናገራል። መዝገቡ ከደረሰ በኋላ ክስ ለማዘጋጀት በአንቀጽ 109 የተሰጠው ጊዜ 15 ቀን ነው። በተግባር ከመቶ መዝገብ ዘጠና ዘጠኙ የሚዘጋው፣ ሌሎቹን ምክንያቶች ትተን፣ በመጀመሪያው ነው ብል (ይህ ቁጥር የንግግር ማጋነን ነው፤ በጥናታችሁ እንዳትጠቅሱት) የሚቃወመኝ ባልደረባ አይኖርም።

«የሚበቃ» ምን ያህል ነው? ሕጉ አይፈታውም። አንዳንዱ ባልደረባዬ፣ ማስረጃው በተከሳሹ በኩል ካልተስተባበለ ያስቀጣል ብዬ ካመንኩ ይበቃል ይል ነበር። ሌላው፣ ጥርጣሬው ምክንያታዊ ከሆነ ክሱን አቅርቤ ዳኛው ይወስን ይላል። ሁለተኛው አስተሳሰብ ትሑት ይመስላል፤ ለዳኛው ክብር የሰጠ ይመስላል። እኔ ግን ከአደገኛነቱ በቀር ምንም አላየሁበትም። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ዋስትና ተከልክሎ በማረፊያ ቤት ይቆያል፤ ምስክር ሳይቀርብ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደረባል፤ እርሻው ጾሙን ያድራል፤ በመጨረሻ ችሎቱ በአንቀጽ 141 መሠረት መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ቢያሰናብተው እንኳ ያለፈው ዓመት አይመለስለትም። «ዳኛው ይወስን» የሚል ዐቃቤ ሕግ ራሱ ወስኗል፤ ውሳኔውን ግን በስሙ አልጻፈውም።

አንድ መዝገብ ልንገራችሁ። ሰዎቹንም አካባቢውንም በማይለይ መንገድ ነው የምናገረው። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት አንድ ወጣት ከጠላ ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ በዱላ ተመትቶ ሞተ። ከሟቹ ጋር በመሬት ወሰን የተጣላ ጎረቤት ተያዘ። ሦስት ምስክሮች ነበሩ። አንደኛው ከእርሻ ማዶ ሆኖ የሚሮጥ ሰው አይቷል፤ ሁለተኛው ከአንደኛው ሰምቷል፤ ሦስተኛው ስለ ወሰኑ ጠብ ያውቃል። መዝገቡን ለተጨማሪ ምርመራ መለስኩት፤ ምስክሩ በምን ያህል ርቀት አየ? ብርሃን ነበር ወይ? ሰውየውን በምን ለየው? የሚሉ ጥያቄዎች ጽፌ ነበር። የመጣው መልስ «በአካሄዱ ለየሁት» የሚል ነበር። ዱላው አልተገኘም። ልብሱ አልተመረመረም። በቀበሌው ግን ገዳዩ እሱ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን አላየም። «አያስከስስም» ብዬ ሦስት ገጽ ምክንያት ጻፍኩ። የቅርብ አለቃዬም አጸደቀው።

ከሳምንታት በኋላ የሟቹ እናት መጡ። ከመኪና መንገድ እስኪደርሱ ግማሽ ቀን በእግራቸው ተጉዘዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ውሳኔውን ቃል በቃል አነበብኩላቸው፤ የሕጉን ቋንቋ በተቻለኝ ፈታሁላቸው። እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ገዳዩ እሱ አይደለም ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አይደለም አላልኩም እማማ። እሱ መሆኑን በዳኛ ፊት ማሳየት አልቻልንም ነው ያልኩት።»

«ይኸን ለእኔ ነገርከኝ። ለልጆቼ ማን ይነግርልኛል? ለአገሩስ ሰው?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ባነበብኳቸው የሥነ ሥርዓት መጻሕፍት ሁሉ ስፈልገው ኖሬያለሁ። ልዩነቱን ተመልከቱ። ፍርድ ቤት አንድን ሰው በነፃ ሲያሰናብት በግልጽ ችሎት ያነብባል፤ ሟች ወገን ይሰማል፤ ተከሳሽ ይሰማል፤ ገበያተኛው ሳይቀር ይሰማል። ምክንያቱን ባይቀበሉት እንኳ ምክንያት እንዳለው ያውቃሉ። የዐቃቤ ሕግ «አያስከስስም» ግን የትም አይነበብም። አንቀጽ 43 ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል፤ አንቀጽ 44 ደግሞ በግል አቤቱታ ብቻ ለሚያስቀጣ ወንጀል ተበዳዩ በራሱ እንዲከስ የፈቃድ ጽሑፍ እንዲሰጠው፣ በሌላው ወንጀል ዐቃቤ ሕግ ክስ እንዲያቀርብ በፍርድ ቤት እንዲታዘዝለት ለመጠየቅ እንዲችል መንገድ ከፍቷል። በአሠራር ግን ቅሬታ ያለው ሰው በብዛት የሚሄደው ወደ በላይ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው ከተማ ቀመስ የሆነው ወይም ጠበቃ የሚያገኘው ነው። ለሌላው ሰው መዝገቡ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ተጠርጣሪው ይፈታል፣ በቀበሌው የሚቀረው ወሬ ብቻ ይሆናል። ወሬው ደግሞ አንድ ነው፤ «ገንዘብ ሰጥቶ ወጣ።» ደም ያለበት አገር ላይ ይህች ዐረፍተ ነገር ሰው ታስገድላለች። የተለቀቀውም ሰው፣ ንጹሕ ከሆነ፣ ንጽሕናውን የሚያሳይበት ቁራጭ ወረቀት በእጁ የለም።

ለእናቲቱ ያደረግሁት ነገር በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም፤ የሚከለክልም አልነበረም። የሟቹ ወንድሞች፣ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች በቢሮ ተገኝተው ውሳኔው ተነበበላቸው። ሁለት ጊዜ ነበር የተነበበው፤ አንድ ታላቅ ወንድም በመጀመሪያው ተነሥቶ ወጥቶ ስለነበር። ተጠርጣሪው የነበረው ሰው ኋላ አገር ለቆ ሄደ። ማንም በዚያ ግድያ አልተከሰሰም። ማንም ደግሞ በበቀል አልሞተም። ይህ ንባቡ ያመጣው ነው ለማለት አልደፍርም።

እስካሁን የተናገርኩት ከመነሻው ማስረጃ ስለሌለው መዝገብ ነው። የሚከብደው ግን ማስረጃ ኖሮት ኋላ የሚጠፋበት ነው። በገጠሩ ሰው ሲሞት ከፖሊስ እኩል፣ አንዳንዴም ቀድመው፣ ሽማግሌዎች ይነሣሉ። ካሣ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ፤ ደም ደረቀ ይባላል። በወሎ አበጋሮች ይህን ሥራ ከዘመናት ጀምሮ ይዘውት ኖረዋል። የእርቁ ዋና ዓላማ ቀጣዩን ሟች ማዳን ነው፤ ፖሊስ በሌለበት ተራራ ላይ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማንም አልፈጠረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 በባህላዊ ሕግ መዳኘትን የፈቀደው ግን ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ ነው። ግድያ ከዚያ ውጭ ነው። ስለዚህ እርቁ ቢወርድም ክሱ ይቀጥላል። ይቀጥላልና ምስክሮቹ ይጠራሉ፤ ቀርበውም «አላየሁም» ይላሉ።

በአንድ እንዲህ ባለ ጉዳይ ያስታረቁትን ሽማግሌ ችሎት ደጃፍ አገኘኋቸውና «አባቴ፣ ምስክሮቹን ምን አላችኋቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኛማ ምንም አላልናቸውም። ሰላም ወርዷል አልን። እነሱ የገባቸው ገባቸው» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መግለጫ ከማንም አልሰማሁም።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ለዚህ የሚሰጣችሁ መሣሪያ አለ። በአንቀጽ 80 የሚደረገው ቀዳሚ ምርመራ በከባድ ግድያና በከባድ ውንብድና የምስክሩን ቃል በፍርድ ቤት ፊት ገና ትኩስ ሳለ ለማስመዝገብ ይረዳል፤ ምስክሩ ቢሞት ወይም ሊገኝ ባይችል አንቀጽ 144 ያ ቃል እንዲነበብ ይፈቅዳል። ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ካፈረሰ ደግሞ በአንቀጽ 145 መሠረት የቀድሞ ቃሉን አቅርቦ የአሁኑን ተአማኒነት መንቀፍ ይቻላል። የመጨረሻው ዱላ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 453፣ ማለትም በሐሰት መመስከር ነው። ይህን ዱላ ማንሣት የሚወድዱ ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔ አልወድደውም። ምስክሩ ከችሎት ወጥቶ የሚያድረው ከሟችም ከገዳይም ዘመድ ጋር በአንድ ቀበሌ ነው፤ ልጆቹ አንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን ለአንድ ገበሬ መታወቂያውንና ቀዬውን ለውጥ ማለት መሬቱን ተው ማለት ነው።

እኔ የሄድኩበት መንገድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከምስክሮቹ በፊት መነጋገር ነበር። እንዲህ እላቸው ነበር፦ እርቃችሁን አልነካም፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተከሳሽ ተጸጽቶ ጉዳቱን ሲክስ ቅጣት ማቅለያ ያደርግለታል፤ እርቁን ጽፋችሁ ስጡኝ፣ በቅጣት አስተያየቴ ላይ እኔው ራሴ ለዳኛ አቀርብላችኋለሁ፤ ምስክሩን ግን ያየውን ይናገር ተዉት። አንዳንዴ ሠራ። አልፎ አልፎም ተከሳሹ ራሱ ጥፋቱን አምኖ፣ ጠቡ ድንገት የተነሣ ከሆነ ነገሩ ከ540 ወደ 541 የሚወርድበትን ክርክር በግልጽ አቀረበ፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት በሚያስቀጣና ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እሥራት በሚያስቀጣ አንቀጽ መካከል ያለው ርቀት ሰውን እውነት ለማናገር ይበቃል። ብዙ ጊዜ ግን አልሠራም።

አሁን ወደ ከፋው ነገር ልምጣ፤ መለኪያው። በአገራችን የፍትሕ ተቋማት ሪፖርት ውስጥ «የማስቀጣት ምጣኔ» የሚባል ዐምድ አለ። ከቀረቡት ክሶች ስንቱ ጥፋተኛ ተባለ ማለት ነው። ሲታይ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚበላ ተቋም በአንድ ነገር መለካት አለበት። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚያየው የተከሰሱትን ብቻ ነው። ምጣኔውን ከፍ ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ፤ መዝገብን በደንብ መሥራት፣ ወይም አስቸጋሪውን መዝገብ «አያስከስስም» ማለት። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ማንም አያየውም። አስገድዶ መድፈርን አስቡ። ምስክሯ አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ የሕክምና ማስረጃው ከሳምንት በኋላ የተሠራ ነው፤ በዘጠና ከመቶ የሚለካ ዐቃቤ ሕግ ይህን መዝገብ ሲያይ እጁ ወዴት ይሄዳል? በተቃራኒው የተዘጋ መዝገብ ቁጥር እንደ ድክመት ሲቆጠር ደግሞ ያ ጨረቃ በሌለው ሌሊት የሮጠ ሰው ይከሰሳል። ቁጥሩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር «የሚበቃ» የሚለውን ቃል የሚተረጉመው የሩብ ዓመት ሪፖርት ይሆናል።

የምሟገተው ለዚህ ነው፦ የመዝጊያ ውሳኔ ምክንያት ለተበዳዩም ለተጠርጣሪውም በሚገባቸው ቋንቋ ይሰጥ፤ ተበዳዩ ቢሮ ቀርቦ እንዲነበብለት መብት ይኑረው፤ ዓመት በዓመት የተዘጉ መዝገቦች በዕጣ ተመርጠው ውሳኔውን ባልሰጠ ዐቃቤ ሕግ ይገምገሙ። ይህ አዲስ ሕግ እንኳ አይጠይቅም፤ አብዛኛው በአንድ የቢሮ መመሪያ ይፈጸማል። የጊዜ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ሦስት ገጽ ምክንያት መጻፍ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ማንበቡ ሌላ ግማሽ ቀን። የአንድ ሰው የሃያ ዓመት እሥራት ላይ የምንከራከርበትን ጊዜ ያህል ባይሆንም፣ የአንድ ሟች ቤተሰብ ጉዳይ አንድ ቀን ይገባዋል።

በሚቀጥለው ሴሚስተር የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ወደ ዞንና ወረዳ ትወጣላችሁ። ኃላፊዎቹ ደግ ናቸው፤ ያሸነፉበትን መዝገብ አውጥተው ያሳዩአችኋል። አንብቡት። ከዚያ መዝገብ ቤት ያለችውን ሠራተኛ በትሕትና ጠይቁና ከተዘጉት አንዱን ታውጣላችሁ። የመጨረሻውን ገጽ ተመልከቱ፤ ስንት መስመር ተጽፏል? ሪፖርታችሁን ስታቀርቡልኝ የመስመሩን ቁጥር እጠይቃችኋለሁ።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።